ባሕር ያላየች ልጅ የባሕር መጽሐፍ ብታነብ ምን አለበት?

ባለፈው ሳምንት ወጣቶች የሚያነቧቸውን የፍቅርና የመንፈስ ልብ ወለዶች የሚያወግዝ አንድ ጽሑፍ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተላከልኝ። የላኩልኝ ወላጆች ናቸው። ማታ ላይ ደግሞ አንዲት እናት ስልኳን ይዛ ሱቄ ድረስ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄን አየሽው? እንዲህ ዓይነቱን ነው እንዴ ለልጆቹ የምታከራዪው?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ቤቴ ገብቼም ደገምኩት። ይህ ምላሽ ለእሷም ለጸሐፊውም ነው።

አስቀድሜ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከመገናኛ «አባዶ! አባዶ!» የሚል ታክሲ ይዞ ለመጣ ሰው የመንገዱ መጨረሻ ነን። 20 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ስተው ከብሎካችን ሥር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ስቴሽነሪ ከፈትኩ። ደብተር እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ የኪራይ መጽሐፍ አለኝ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየለቀምኩ ያመጣኋቸው ናቸው። ከመካከላቸው መደርደሪያው ላይ ውለው የማያድሩት፣ ጀርባቸው በፕላስተር የተለጠፈው፣ ጽሑፉ የሚያወግዛቸው መጻሕፍት ናቸው። ከኪራዩ ጥቂት ብር አገኛለሁ። አንባቢ ይህንን አውቆ ይመዝነኝ።

ጽሑፉ የሚናገረው «ፓራኖርማል ሮማንስ» ስለሚባሉት የወጣት ልብ ወለዶች ነው፤ በተለይ ታሪካቸው በባሕር ዳርቻ ባለች ከተማ ስለሚሆነው። ለማያውቃቸው ላስረዳ። የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ወላጆቿ ይፋቱባታል፣ ወይም እናቷ ትሞትባታለች። አያቷ ወዳለችበት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ትላካለች። ከተማዋን ጉም አይለያትም። ገደል አለ። ለመርከብ አቅጣጫ የሚያሳይ የመብራት ማማ አለ። ብርዱ ሲገባ የሚዘጋ አይስክሬም ቤት አለ። እዚያ አንድ ዝምተኛ ልጅ ታያለች። ልጁ ሰው አይደለም። ወይ ደም መጣጭ ነው፣ ወይ ከመቶ ዓመት በፊት የሰመጠ መርከበኛ መንፈስ ነው፣ ወይ የባሕር ፍጡር ነው። ይዋደዳሉ። ታሪኩ ሦስት አራት ቅጽ ይቀጥላል።

ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። ባሕር የሌላት አገር ልጆች በባሕር ማዶ ሕልም ሰክረው አገራቸውን ይጠላሉ፤ ልባቸውም ለስደት ይነሳል። መጻሕፍቱ ጋኔንን ቆንጆ አድርገው እያቀረቡ ልጆቹን ከእምነታቸው ያወጣሉ። ለሴት ልጆች አደገኛ ወንድ ማለት አፍቃሪ ወንድ ነው ብለው ያስተምራሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትናንት የመጡ ወረርሽኝ ናቸው፣ የአማርኛን ንባብም ይገድላሉ። ስለዚህ ወላጅና ትምህርት ቤት ተባብረው ይሰብስቧቸው። ጽሑፉ በንዴት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ለልጆች እንደሚጨነቁ በየአንቀጹ ይታያል። ሦስተኛው ነጥባቸው ደግሞ እውነት አለበት፤ እመጣበታለሁ።

ከባሕሩ ልጀምር። «ባሕር ለእኛ ልጆች ባዕድ ነው» ይላሉ። እስቲ አማርኛችንን እናድምጠው። ከሱቄ ደጃፍ ቀና ስል ኮረብታው ላይ የሚታየኝ ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ የአውስትራሊያ ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ስሙንም ከዚያው ይዞ ቀረ። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል። በድሮ ጊዜ የሰሜኑን ጠረፍ የሚገዛው ሹም ባሕር ነጋሽ ይባል ነበር። ባሕር ያላየው ሰው ሁሉ ቃሉን በየቀኑ ይጠራዋል። ደግሞስ ማንበብ ያላዩትን ማየት አይደለም እንዴ? እኔ ሩሲያን ሳልረግጥ ስለ ሩሲያ በረዶ እያነበብኩ ነው ያደግኩት። አገሬን አልጠላሁም።

የስደቱ ነገር ግን ከባድ ነው፤ በችኮላ አላልፈውም። እኛ ሰፈር ባሕር ምን እንደሆነ ለማወቅ ልብ ወለድ አያስፈልግም። በጅቡቲ አድርጎ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የተሻገረ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች አውቃለሁ። እነዚያ ልጆች ስለ ጉምና ስለ መብራት ማማ አንብበው አልሄዱም። ሥራ አጥተው ነው። ደላላ አታሏቸው ነው። ቀድሞ የሄደ ጓደኛቸው ለእናቱ ብር ሲልክ አይተው ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የሰመጠ መርከበኛ ስለሚመለስበት ታሪክ የሚናገረውን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ተከራየችው። በሦስተኛው ብር አልቀበልም አልኳት። «ምኑን እንዲህ ወደድሽው?» ስላት ዝም አለች። መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ የሰመጠው ሰው ተመልሶ ያወራታል» አለችኝ። ወንድሟ በዚያ መንገድ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ደውሎ አያውቅም። ስሙ ሲነሳ እናቷ ስለምታለቅስ ቤት ውስጥ አይነሳም። እንግዲህ ይህችን ልጅ መጽሐፉ ለስደት አነሳሳት ልበል? ወንድሟ ይመጣ ይሆን ብላ ማንንም ሳታስለቅስ የምታስበው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ጸሐፊው ያልጠየቁት ጥያቄም አለ። ታሪኩ ለምን በባሕር ዳርቻ ከተማ ይሆናል? ደራሲዎቹ ቦታውን የሚመርጡት ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች አዲስ የመጣ ሰው ወዲያው ይታወቃል። የዕረፍት ሰሞን ሲያልፍ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ጭር ትላለች። ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል፤ ጉም ውስጥ የቆመ ሰው ማን እንደሆነ አይለይም። ዓሣ አጥማጆቿ ወጥተው የቀሩባት ከተማ ደግሞ የሙት መንፈስ ወሬ አያጣትም። ከሁሉም በላይ መንገዱ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ቦታ አይደለም።

አሁን የካ አባዶን ያስቡልኝ። የአብዛኞቻችን ቤተሰብ ከሌላ ሰፈር ነው የመጣው። ዕጣ የወጣለት አለ፣ መሀል ከተማ ቤቱ የፈረሰበት አለ፣ ኪራይ ያባረረው አለ። ልጆቹ ጓደኞቻቸውን ካዛንቺስና ፒያሳ ትተው ነው የመጡት። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ላይ ጉሙ ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው ብሎክ የማይታይበት ቀን አለ። ማታ ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ ጨለማ ነው። ጅብ ሲጮህ እንሰማለን፤ መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ድምፁ ደረጃው ሥር የመጣ ይመስላል። እዚህ የምታድግ ልጅ፣ መንገዱ ያለቀበት ከተማ ስለገባች ልጅ ስታነብ ስለ ባዕድ አገር የምታነብ አይመስላትም። ለእኔም አይመስለኝም።

ሁለተኛው የመንፈስ ጉዳይ ነው። ይህንን በጥንቃቄ ነው የምመልሰው፤ እኔም አማኝ ነኝ። ጸሐፊው ፍቅርንና መንፈስን አንድ ታሪክ ውስጥ መቀላቀል የፈረንጅ ፈሊጥ ነው ይላሉ። መጽሐፈ ጦቢትን እናስታውስ። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ ነው። ሣራ የምትባል ልጅ ሰባት ባል አግብታ ሰባቱንም ክፉ ጋኔን ገደለባት። ጦብያ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር ከጤግሮስ ወንዝ የያዘውን ዓሣ ልብና ጉበት አጢሶ ጋኔኑን አባረረላትና አገባት። ቅዱስ መጽሐፍን ከልብ ወለድ ጋር እኩል ማስቀመጤ አይደለም። ፍቅር፣ ጋኔንና ውሃ አንድ ላይ ሲነሱ የእኛ ሰው የሰማው ዛሬ አይደለም ማለቴ ነው። ቀትር ላይ ወንዝ አትውረዱ እየተባልን አይደል ያደግነው? «ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይወስዳል» ሲባል ስንቶቻችን ሰምተናል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ጭራቅ ማንንም አልበላም። እውነት ነው ተብሎ የታመነ ተረት ግን ሰው ጎድቷል። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያልን ስንት ዘመን አገለልን? አብረን አልበላንም፣ አልተጋባንም። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ወደ ተኩላ ስለሚለወጥ ልጅ ያነበቡትን ይዘው ሱቄ ውስጥ ይከራከሩ ነበር። አንዷ «ልጁ ምን አጠፋ? ሲወለድ እንደዛ ነው» አለች። ሌላዋ ቆየት ብላ «አያቴ ስለ ቀጥቃጮቹ የምታወራው እኮ እንደዚሁ ነው» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ልጆችን ከእምነታቸው የሚያወጣ ነገር አላየሁበትም። ሰው ላይ ከመፍረድ ሲመለሱ ግን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። እዚህ ላይ ጸሐፊው በግማሽ ልክ ናቸው። ዘውጉን በዓለም ዙሪያ ያስፋፋውን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን «ትዋይላይት»ን እንውሰድ። ታሪኩ የሚሆነው ፎርክስ በምትባል ዝናባማ የአሜሪካ ከተማ ነው። ባሕሩ ሩቅ አይደለም፤ ልጅቷ የደም መጣጮቹን ወሬ የምትሰማውም ላ ፑሽ በሚባል ባሕር ዳርቻ ነው። የምትወደው ደም መጣጭ ልጅ እሷ ሳታውቅ ሌሊት በመስኮት ክፍሏ እየገባ ስትተኛ ያያታል። መጽሐፉ ይህንን እንደ ፍቅር ያቀርበዋል። እኔ ፍቅር አይደለም እላለሁ። ለሚከራዩት ልጆችም ይህንኑ ነው የምላቸው። በእውነተኛው ዓለም እንዲህ የሚያደርግ ልጅ ከመጣ በር ቆልፎ ሰው መጥራት ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ጸሐፊው አልዋሹም።

ግን ይህንን ትምህርት ያመጡብን መጻሕፍቱ ናቸው ሲሉ አልስማማም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የጠለፋትን ልጅ ያገባ ሰው ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ያ የተሻረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። እነዚያ ጠላፊዎች ስለ ደም መጣጭ አንብበው አልነበረም። «ስለሚወድሽ ነው የሚቀናው» የሚለውንም ምክር ልጆቻችን የሚሰሙት ከባሕር ማዶ አይደለም፤ እኛው ቡና ላይ ስንመክር ነው።

ደግሞም የባሕር ታሪክ ሁሉ አንድ ነገር አያስተምርም። በስኮትላንድና በአየርላንድ ጠረፍ የሚነገር የቆየ ተረት አለ። «ሲል» የምትባለው የባሕር እንስሳ ቆዳዋን ታወልቅና ሴት ትሆናለች። አንድ ሰው ቆዳዋን ሰርቆ ይደብቅባታል። መመለስ ስለማትችል ታገባዋለች፣ ትወልድለታለች። አንድ ቀን ቆዳዋን ታገኘዋለች። ትለብሰውና ባሕሯ ትገባለች። ዛሬ ለወጣት ከሚጻፉት መካከል ከዚህ ተረት የተቀዱ አሉ፤ አንዱ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ያንን መጽሐፍ የመለሰችልኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠችው በኋላ እጇን ከላዩ አላነሳችም።

«ቲቸር፣ ቆዳዋን ደብቆ እኮ ነው ያስቀራት» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ለምንድን ነው ይወደኛል የምትለው?»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «አንድ የክፍላችን ልጅ አለች። ቦይፍሬንዷ ስልኳን ወስዶባታል። ስለሚያስብልኝ ነው ትላለች።»

እኔ ምንም አልጨመርኩም። ቆዳውንና ስልኩን ያገናኘችው ራሷ ናት። በማግስቱ መጽሐፉን ለጓደኛዋ ተከራየችላት።

እ.ኤ.አ. በ1837 የታተመው የዴንማርካዊው ደራሲ የአንደርሰን የባሕር ልጅ ተረትም ከዚህ አይርቅም። ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው ልጅ ለአንድ ልዑል ብላ ምላሷን ታስቆርጣለች። በምላሷ ምትክ እግር ታገኛለች፤ በረገጠች ቁጥር ግን ስለት ላይ የቆመች ያህል ያማታል። ልዑሉ ሌላ አገባ። ለወንድ ብሎ ድምፅን መስጠት ምን እንደሚያስከፍል ለሴት ልጅ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ትናንት የመጡ ናቸው» የሚለውን በአጭሩ ልመልሰው። ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ እውነት ነው። በጥድፊያ የተጻፉም ሞልተዋል፤ ከመደርደሪያዬ ያወጣኋቸው አሉ። ትናንት ግን አልመጡም። «ድራኩላ» የተባለውን የደም መጣጭ ልብ ወለድ የጻፈው ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1890 ዊትቢ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ለዕረፍት ሰንብቶ ነበር። ድራኩላ የሚለውን ስም ያገኘው እዚያው ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 በወጣው ልብ ወለዱ ደም መጣጩን የጫነችው መርከብ የምትደርሰው ዊትቢ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች፣ ገደል አናት ላይ ያለ መቃብር፣ ጉም፣ ከባሕር የመጣ እንግዳ፤ ሁሉም እዚያ አለ። ከሁለቱ አንዷ ሚና ደግሞ እጇን አጣጥፋ የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። የሁሉንም ማስታወሻ ሰብስባ በታይፕ የምትገለብጠው፣ የባቡሩን ሰዓት በቃሏ የያዘችው እሷ ናት።

የአማርኛ ንባብ ጉዳይ ግን የእኔም ጭንቀት ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምንለያየው መንገዱ ላይ ነው። ወፍራም መጽሐፍ የሚያስፈራት ልጅ 400 ገጽ በአራት ቀን ጨርሳ ስትመጣ ፍርሃቱ ይለቃታል። «ቲቸር፣ ሌላ እንደዚህ የሚያስለቅስ የለሽም?» ስትለኝ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እሰጣታለሁ። ሰብለ ወንጌልን ታገኛለች፤ አባቷ የዘር እኩያ ሲፈልጉላት ዕድሜዋ ሲያልፍ፣ ከአስተማሪዋ ከበዛብህ ጋር ስትዋደድ፣ ሁሉን ጥላ ስትከተለው። ያንን መጽሐፍ አንብቦ «ሐዲስ ዓለማየሁ ልጆቻችንን ወደ መቃብር ላኩብን» ያለ ሰው አልሰማሁም። ልጆቹ ታሪክ ታሪክ መሆኑን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለ15 ዓመት ልጅ ታስቦ የተጻፈ የአማርኛ ልብ ወለድ ፍለጋ ሻጮቹ ጋ ስሄድ በእጄ የሚገባው ጥቂት ነው። የሕፃናት ተረት አገኛለሁ። የአዋቂ ልብ ወለድ አገኛለሁ። መሀሉ ሳሳ ይላል። እነዚህ መጻሕፍት የገቡት በዚያ ክፍተት ነው። ጸሐፊው ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ ለዚያ ዕድሜ ቢጽፉ ከመደርደሪያዬ የመጀመሪያውን ረድፍ እለቅላቸዋለሁ።

የመጨረሻው «ይሰብሰቡ» የሚለው ነው። ሲሰበሰቡ አይቻለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደሩ ከአንዲት ልጅ ቦርሳ ውስጥ የእኔን መጽሐፍ ወሰዱ። 60 ገጽ ያህል ቀርቷት ነበር። ሄጄ ስጠይቅ «ወላጅ ይምጣ» ተባልኩ። የልጅቷ እናት ሰው ቤት ሠርታ የምትገባው ማታ ነው። መጽሐፉ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወረቀቱ ቢሰበሰብስ ምን ያመጣል? በቴሌግራም ፒዲኤፉ ስልካቸው ላይ አለ። ያኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ብቻቸውን ያነቡታል። ስለ ሌሊቱ መስኮትና ስለ ተደበቀው ቆዳ የሚያነጋግራቸው ሰው አይኖርም። ስልኳን ይዛ ለመጣችው እናትም ያልኳት ይህንኑ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሰጠኋት። «መጀመሪያ አንቺ አንብቢው፣ ከዚያ ልጅሽን የትኛው ቦታ ላይ እንደተናደደች ጠይቂያት» አልኳት። ወስዳዋለች።

መጽሐፉ የተወሰደባት ልጅ በሳምንቱ መጥታ መጨረሻውን እንድነግራት ለመነችኝ። እኔ አላነበብኩትም ነበር። ያለኝም አንድ ኮፒ ብቻ ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝታ ሄደች። ከአሥር ቀን በኋላ ደብተሩን ይዛ ተመለሰች። መጨረሻውን ራሷ እጽፋለሁ ብላ ጀምራ ታሪኩን ከሥሩ ቀይራዋለች። በአማርኛ ነው። ባሕሩ ቀርቷል። ቦታው ለገዳዲ ነው፤ አዲስ አበባ ውሃዋን የምትጠጣበት ግድብ ዳር። ልጁ ግድቡ ሲሠራ ውሃ ውስጥ የቀረ እረኛ ነው፤ ጉም በወረደ ጠዋት ብቻ ዳር ይወጣል። ልጅቷ አዲስ ከተሠራ ኮንዶሚኒየም ናት። መጀመሪያ ሲያያት ስሟን አይጠይቃትም። «ከየት ፈርሶባችሁ መጣችሁ?» ነው የሚላት።

እስካሁን 23 ገጽ ደርሳለች። ለጓደኞቿ በነፃ ኮፒ አድርጌላታለሁ። እረኛው ከእሷ ጋር ይቅር ወይስ ወደ ውሃው ይመለስ የሚለው ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ይነጋገሩበታል። ጸሐፊው መምጣት ከፈለጉ ከመገናኛ አባዶ የሚለውን ታክሲ ይያዙ። አንድ ኮፒ አስቀምጬላቸዋለሁ።